የማይቆጠር ድካም

ሰኞ፣ ኅዳር 15። ከት/ቤት መልስ

ሁለት ጀሪካን ውኃ ከቦኖ። የእማሆይ ልብስ በሙሉ፣ ከነመቀነታቸው። ግቢ ጠረግሁ። የዶሮዋን ቤት አጸዳሁ፤ ዶሮዋ ዞር ብላም አላየችኝ። እጄን አደራርቄ ስልኬን ከመስኮቱ አነሣሁ። ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ዛሬ ብዙ ተቀምጠሻል፣ ተነሺና ትንሽ ተንቀሳቀሺ!

ደብተርዬ፣ እስቲ አንቺ ፍረጂ።

በስልኩም አይፈረድም። የቤት ቀሚሴ ኪስ የለውም። ባለፈው ጉያዬ ውስጥ ሸጉጬው ሳጥብ ሳፋ ውስጥ ገባ፤ ገብስ ውስጥ ተቀብሮ ነው ነፍስ የዘራው። ከዚያ ወዲህ መስኮት ላይ ይቀመጣል። እሱ እንደሚያውቀው ከሆነ ከት/ቤት እመጣለሁ፣ እንደ ድንጋይ ቁጭ እላለሁ፣ እተኛለሁ። ርምጃና ካሎሪ የሚቆጥርልኝ አፕ በእጅ የሚሞላ ቦታ አለው። ፈልጌ ያገኘሁት «የቤት ጽዳት፣ ቀላል» የሚል ነው። ቀላል! ይህን የጻፈው ሰውዬ ደባርቅ ይምጣና በዚህ ብርድ የእማሆይን ጋቢ አጥቦ ይጭመቅ።

እማሆይ የአባቴ አክስት ናቸው። ቤቱ ውስጥ እሳቸውና እኔ ብቻ ነን። አባዬ ፓርኩ ውስጥ ጨነቅ ላይ ስካውት ነው፤ ጠመንጃውን አንግቶ ቱሪስት ያጅባል፣ ወር ሲደርስ ብቅ ይላል። እማዬ በየዳ፣ ግብርና ጽ/ቤት። ዝውውር ጠይቃለች። ማመልከቻው ጥርስ አብቅሏል።

እራት ላይ እማሆይ ካሎሪ ምን እንደሆነ ጠየቁኝ። ምግብ ውስጥ ያለ ጉልበት ነው፣ ሰው ሲሠራ ይቃጠላል አልኳቸው። መቁጠሪያቸውን አቆሙ።

«የጾም ነው የፍስክ?»

ዛሬ የነቢያት ጾም ገብቷል፤ ቀልድ የለም። በሁለቱም ውስጥ አለ አልኩ። ፊታቸው ጠቆረ። ለንስሐ አባታቸው ሊያመለክቱ ነው። ካሎሪ ተወገዘች በያት።

ልክሳ ብዬ እንዳይመስልሽ። ከዚህ በላይ ብከሳ ጠበል ነው የሚያስገቡኝ። እኔ የምቆጥረው ስለ ሩት ነው። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠን፣ መስከረም ላይ አባቷ ተዛወረና ጎንደር ገቡ። መጀመሪያ በየቀኑ ትደውል ነበር። ከዚያ እሑድ እሑድ። ከዚያ ይህን አፕ ላከችልኝና በዚህ እንገናኛለን አለች። አሁን ወሬዋን የምሰማው ከሱ ነው። ጠዋት ተራመደች። ምሳ ፓስታ በላች። ከሰዓት ጂም። በቃ፣ ይሄ ነው ደብዳቤዬ። ደጋግሜ አነበዋለሁ። ፓስታውን በቃሌ ይዤዋለሁ።


ረቡዕ፣ ኅዳር 17። ዕረፍት ሰዓት፣ ክፍል ውስጥ

ተፈረደብኝ።

ግሩፑ ውስጥ አራት ቀርተናል፤ ሩት፣ ሁለት የጎንደር ልጆችና እኔ። እሑድ ማታ በካሎሪ መጨረሻ የሆነች ከግሩፑ ትወጣለች። ባለፈው እሑድ አንዷን ጉንፋን ጥሏት ነው የተረፍኩት፤ ይማራት ብያለሁ፣ ከልቤ ግን አልነበረም። እንግዲህ እኔ የሞላሁትን «የቤት ጽዳት» አይተው ተሰበሰቡና አይቆጠርም አሉ። ሩት በድምፅ ላከችው። እንዲህ ነው ያለችኝ፤ «ፍሬዬ፣ ስፖርት ማለት ለራስሽ ብለሽ የምትደክሚው ነው። ያ እኮ ኑሮ ነው።»

ከኋላዋ ሳቅ ይሰማል። መልእክቱን ሦስቴ ሰማሁት። ለቃሉ አይደለም። ሳቁ በኔ ነው ወይስ በሌላ ነገር የሚለውን ለመለየት። አልተለየም።

ልመልስላት ጻፍኩ። አጠፋሁ። አንቺም ቤት እኮ ሠራተኛ ባትኖር ብዬ ጻፍኩ። አጠፋሁ። እሺ ብዬ ላክሁ።

ለሁለት የተሠራ ወንበር ላይ ብቻዬን ተንሰራፍቼ ነው ይህን የምጽፍልሽ። መምህራኑ ተመችቷት ነው የሚሉት።


ሐሙስ፣ ኅዳር 18። ማታ፣ መብራት ሳይጠፋ ቶሎ ቶሎ

ለራሴ ብዬ የምደክምበትን ነገር ስፈልግ ዋልኩ። ፀጉሬን መታጠብ አገኘሁ። እሱም ለእማሆይ እግር ካሞቅሁት ውኃ በተረፈው።

ጉዳዩን ለእማሆይ አቀረብኩ። ሽማግሌ ይፍረድ ብዬ። ጎንደር ያለችው ልጅ በጂም ማሽን ላይ ትሮጣለች፣ እሱ ይቆጠራል፤ እኔ ውኃ እቀዳለሁ፣ አይቆጠርም አልኳቸው።

«ሮጣ ምን ይዛ ትመለሳለች?»

«ምንም።»

«ባዶ እጇን?»

«ከቦታዋም አትነቃነቅ፣ እማሆይ። እዚያው ነው የምትሮጠው።»

«ወይ ድካም!» አሉና አዘኑላት። ከልባቸው። በጸሎታቸው ስሟን ሊያነሡ ነው፤ ክርስትና ስሟን ጠየቁኝ።

ሳቄን ዋጥኩ። በኋላ ግን ከፋኝ። ይህን ቀልድ የምነግራት ሰው ሩት ነበረች።

ወስኛለሁ። ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ እሮጣለሁ። እማሆይ ኪዳን ይሄዳሉ፤ እሳቸው ሳይመለሱ እገባለሁ። ከግሩፑ ከወጣሁ ፓስታውም ይቀራል።


ቅዳሜ፣ ኅዳር 20። ጠዋት 4 ሰዓት

በተራ ልንገርሽ።

ሱሪ ከቀሚስ በታች፣ የአባዬ አሮጌ ሹራብ ከላይ። ስልኬን በእማሆይ መቀነት ወገቤ ላይ ጥፍር አድርጌ አስፋልቱን በሊማሊሞ በኩል ያዝኩት። ጭጋግ። ሰው የለ። መጀመሪያ ሳንባዬ ተቀደደ ብዬ ነበር። ከዚያ ለቀቀኝ። ጀሪካን የለ፣ መጥረጊያ የለ፣ አንቺ ልጅ ብሎ የሚጠራኝ የለ። ሩት አልዋሸችም፣ ደብተርዬ። ይሄ ሌላ ነገር ነው። ብቻዬን ነበርኩ፣ ግን ብቸኝነቱ ቤት ቀርቷል።

ስመለስ ጋሽ ሞላ በራቸው ላይ ቆመዋል። ጡረተኛ ናቸው፤ ፀሐይ የምትወጣው እሳቸው ከወጡ በኋላ ነው። ምን ሆናችሁ ብለው ጮኹ። ብቆም አፑም ይቆማል። ትንፋሽም የለኝ። ጎኔን ውጋት ይዞኝ፣ አንድ እጄን ደረቴ ላይ፣ ሌላውን እያወዛወዝኩ አለፍኳቸው፤ አንድ ዙር ጨመርኩ።

አሁን አስቢው። መርዶ የሚነገረው ጎህ ሲቀድ ነው። ሴት ልጅ፣ ጎህ ሲቀድ፣ ደረቷን ይዛ በአስፋልት ትሮጣለች። አባቷ ደግሞ ገደል አፋፍ ላይ የሚውል ሰው። ጋሽ ሞላ ሌላ ምን ያስቡ?

ቤት ስደርስ የግቢው በር ወለል ብሏል። ቤት ሙሉ ሰው። ነጠላው ሁሉ ተዘቅዝቋል። እማሆይ መሬት ቁጭ ብለው ያለቅሳሉ። አባዬ ነው አልኩ። ወይ እማዬ። የትኛው ነው ብዬ መጠየቅ አቃተኝ። በሩ ላይ ተደፋሁ። ሴቶቹ እኔን ሲያዩ ልቅሶው እንደ አዲስ ተነሣ።

ምን ያህል እንደቆየን አላውቅም። በመጨረሻ አፌ ተከፈተ።

«ማን ነው የሞተው?»

«አንቺ አይደለሽ እንዴ የምታውቂው?» አሉ እትዬ ዝናሽ። የሩት አክስት ናቸው፤ ስልክ ባይደውሉም ድምፃቸው ጎንደር ይደርሳል።

ለካ ማንም አያውቅም! ሟቹ ማን ነው ብሎ መጠየቅ ነውር ነውና ሁሉም ሌላው ያውቃል ብሎ ነው የሚያለቅሰው። እማሆይም ከኪዳን ሲመለሱ ቤታቸውን ለቅሶ ላይ አገኙት፤ ለማን እንደሆነ ሳያውቁ ገብተው አብረው አለቀሱ።

«ታዲያ ምን አስሮጠሽ?» ጋሽ ሞላ ናቸው።

«ካሎሪ።»

«እና እሱ ነው የሞተው?» አሉ እትዬ ዝናሽ፣ ነጠላቸውን እያስተካከሉ።

ጨነቅ ስልክ አይሠራም፤ ጋሽ ሞላ ፓርኩ ጽ/ቤት ድረስ ሄደው በሬዲዮ አስጠየቁ። አባዬ ደህና ነው። ቆሎ እየበላ ነው። ማን ሞተ አለ እንጂ ማን ጠየቀኝ አላለም።

ከዚያ ተሰደብኩ። ከዚያ ተሳቀ። ንፍሮ ይዘው የመጡ ነበሩ፤ እማሆይ ንፍሮ አይመለስም፣ ቅዳሜም ስለሆነ እስከ ዘጠኝ አይጾምም አሉ። ተበላ። ጋሽ ሞላ ድንጋጤ ያስርባል ብለው ሁለቴ አስጨመሩ። አንዷ ውኃ ቀዳች። እትዬ ዝናሽ መጥረጊያውን ከእጄ ቀምተው ጠረጉ። አንዲት ስሟን የማላውቃት ሴት ዝም ብላ ጭንቅላቴን ጭኗ ላይ አስደግፋ ጸጉሬን ዳበሰች። ቤታችን እንዲህ ሞልቶ አያውቅም። ሳቅሁ፣ ሳህን አቀረብኩ። በሆዴ ግን፣ ሰው እስኪሞትብን ነበር እንዴ የሚጠብቁት እላለሁ።


ቅዳሜ። 8 ሰዓት

ሁሉም ወደየሥራቸው ሄዱ። ነገ ጽዮን ማርያም ናት፣ ሥራ አለባቸው። የንፍሮው ድስት አለ። እማሆይ ተኝተዋል። ቤቱ ከጠዋቱ በፊት ከነበረው የበለጠ ባዶ ሆኗል።

አፑ ርችት ይተኩስልኛል። አንደኛ ነኝ! ጎንደርን በሙሉ በልጫለሁ። እሰይ የሚለኝ ግን የለም። የሩትን ገጽ ከፈትኩ። ቁርስ የለም። ርምጃ የለም። ጂም የለም። ቅዳሜ እኮ የምትሮጥበት ቀን ነው። አመማት እንዴ? ኔትወርኩ ይመጣል ይሄዳል።


ቅዳሜ። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ

መጣ። መልእክቱ ተከታትሎ ነው የገባው። ሁሉም የሩት።

ስለ አባትሽ ሰማሁ። ፍሬዬ አንሺው። ሚኒባስ ውስጥ ነኝ። መጣሁልሽ፣ በርቺ።

እትዬ ዝናሽ! ጠዋት ገና ሳያለቅሱ፣ አባዬ ነው ብለው ገምተው ጎንደር ደውለው አርድተዋል። ማስተባበያውን ንፍሮ አስረሳቸው።

ለመስቀል አልመጣችም። ለልደቴ የሚጨፍር ኬክ በስልክ ላከች። ለጥምቀት እናያለን ብላለች። ለልቅሶ ግን ቁርስ ሳትበላ የመጀመሪያው መኪና ላይ ወጣች፤ እሱም እስኪሞላ ቀትር ሆነ። አሁን ዳባት ልትደርስ ነው። ዳባት ላይ ብነግራት ወርዳ መመለሻ ትይዛለች። ዝም ብል ግን ትደርሳለች። ደባርቅ ከገባች ከሰዓት መኪና የለም፤ ማደሯ ነው። ማድረግ የሚገባኝ ዝም ማለት ብቻ ነው። በዝምታ ደግሞ አንደኛ ነኝ፣ እሺ ብዬ የላክሁ ልጅ ነኝ።

ግን ለአባዬ እያለቀሰች ነው። እንደ ጭላዳ መጮህ ያስተማራት እሱ ነው። አስቢው፣ ሚኒባስ ውስጥ፣ ነጠላዋን ዘቅዝቃ።

ደወልኩ። አነሣች። ዳባት ቆመው ሰው እየጫኑ ነው። ረዳቱ ደባርቅ፣ ደባርቅ፣ አንድ ሰው እያለ ይጣራል። ስሜን ጠራችና ማልቀስ ጀመረች። የሚያስቃት ነገር ሁሉ አፌ ላይ ነበር፤ ጋሽ ሞላ፣ ካሎሪው፣ ንፍሮው። አንዱም አልመጣልኝም።

ማንም አልሞተም አልኳት። ግን ነይ።

ረዳቱ ይጣራል። ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ። ኔትወርክ ይሁን እሷ ትሁን አላውቅም። «ግን ነይ» የምትለዋን ትስማት አትስማት አላውቅም። መስከረም ላይ ልላት የሚገባኝን ዛሬ ነው ያልኳት።


ቅዳሜ። 9 ሰዓት ሊሆን ነው

ከዳባት እዚህ ሩቅ አይደለም። ተመልሳ ከሆነ መልእክት ትልክልኛለች። ያንን ከስልክ ማንበብ አልፈልግም። መናኸሪያ ሄጄ በዓይኔ አያለሁ፣ እያንዳንዱን ሚኒባስ።

እማሆይ ነቅተዋል። ወዴት ነው አሉኝ። መናኸሪያ። ምን ይዘሽ ልትመለሺ አሉኝ። ነጠላዬን በደህናው በኩል ለብሻለሁ። ስልኩን መስኮቱ ላይ ትቼዋለሁ። ብዙ ተቀምጠሻል ይበለኝ።