የሦስት ሺህ ዓመቷ ሴትና እኅትህ እናኑ

ውድ የንስሐ ልጄ ዓለምነህ፥

ሰላምታን ማስቀደም የአባት ወግ መሆኑን ባልዘነጋም፥ ከካይሮ የላክኸውን ጽሑፍ ካነበብሁ ወዲህ ብዕሬ ከቁጣ በቀር ለሌላ ቃል አልታዘዘኝምና ታገሠኝ።

ከሦስት ሺህ ዓመት በፊት ያረፈችውን፥ በጨውና በሙጫ የደረቀችውን ግብጻዊት፥ መግነዟን ሳትፈታ በሲቲ ስካን ውስጧን አየህ፤ ቢልሃርዝያ የተባለው፥ በውሃ የሚገባውና ሆድ የሚነፋው ትል በፊኛዋ ላይ ያጠጠረውን ምልክት ብታገኝባት፥ «ዘመኗን ሁሉ በዓባይ ጎርፍ እርሻ እግሯን ነክራ የኖረች ምስኪን» ብለህ አዘንህላት። እንዲህ የሚራራ ዓይን ካለህ፥ ባለፈው ፋሲካ ወረታ መጥተህ፥ ዕድሜዋን በፎገራ የሩዝ ማሳ ውሃ ውስጥ የቆመች የእናትህን ልጅ እናኑን፥ ባሏ በሞተ በሦስተኛው ዓመት ሆዷ ገፍቶ ስታገኛት፥ ስለ ምን አንገትህን ደፍተህ ተመለስህ? ከዲቃላ ሌላ ያሰብኸው ነገር ነበርን?

እኔማ ከአንተ እብሳለሁ። የነፍስ አባቷ ሆኜ ሳለሁ፥ ምላ ብትክድ አላመንኋትም፤ ኃጢአቷን እስክትናዘዝ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ውጭ እንድትቆም ቀኖና ሰጠኋት። ሩዝ አራሚዎቹ ሴቶች «አንቺ እናኑ፥ የክርስትናውን ጠላ መቼ እንጥመቅልሽ?» እያሉ ሲዘብቱባት ሰምቼ አለፍሁ። አንድ ቀን መንገድ ላይ አስቁማ፥ «አባ፥ አሥራ አራት ወር ሆነኝ፤ ዝሆን ነው የያዝሁት ይላሉ?» ብትለኝ እንኳ፥ ነገሩን እንደ ድፍረት ወሰድሁባት እንጂ ልብ አላልሁም።

ጽሑፍህን ባነበብሁ ማግስት ሐኪም ቤት ወሰድኋት። ሐኪሙ ሆዷን በአልትራሳውንድ አይቶ፥ «ቢልሃርዝያ ነው፤ ጉበቷን ጎድቶ ሆዷ ውሃ ቋጥሯል። ቀድማ ብትመጣ በጥቂት ክኒን ትድን ነበር፤ አሁን ግን ነፍሷን ለማቆየት ነው የምንደክም» አለኝ። እዚያው እግሯ ላይ ብወድቅ፥ «መጀመሪያ ይፍቱኝና ልቁረብ፤ ከዚያ ወዲያ እንጣላለን» አለችኝ። ፈታኋት።

በመጪው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፥ ስሟን ባጠፋሁበት ሕዝብ ፊት ቆሜ ንጽሕናዋን እመሰክራለሁ፤ የራሴንም በደል አንዳች ሳልሸሽግ እናገራለሁ። የአንተን ግን አልናገርልህም፤ እርሷ ለመስማት በሕይወት ሳለች፥ መጥተህ በራስህ አፍ ተናገር።

የነፍስ አባትህ
ቄስ ኃይለ ሚካኤል
ከወረታ