መርከቡ በርበራ አይጠጋም

ማክሰኞ፣ ኅዳር 6፣ ቶጎጫሌ

አይጠጋም አሉ። መርከቡ በርበራ አይጠጋም። ቤዛ በድምፅ ነው የላከችልኝ፤ ደጋግሜ ሰማሁት፣ ያው ነው። "እማ፣ መርከብ የሚጠጋበት ግንብ እድሳት ላይ ነው አሉን። የጉዞ ፕሮግራሙ ተቀይሯል፣ መቼ እንደምንደርስ አልታወቀም። እስካሳውቅሽ ድረስ ድንበሩን እንዳትሻገሪ።" ከኋላዋ ሰሃን ይንኳኳል። ምሳ ሰዓቷ ይሆናል።

እኔ ደግሞ ድንበሩ አፍንጫ ላይ ተቀምጫለሁ። ከተከራየነው ክፍል መስኮት የኬላው ገመድ ይታየኛል። ሲነሳ መኪና ያልፋል፣ ሲወርድ መኪና ይቆማል። እኔ ሲነሳም ሲወርድም እዚሁ ነኝ።

ልጄ ቱሪስት በሚያዞር መርከብ ላይ አልጋ ታነጥፋለች። መጀመሪያ ዱባይ ሆቴል ነበረች፣ ከዚያ ወደ መርከቡ ዞረች። ካየኋት አራት ዓመት ሆነ። ባለፈው ወር ለተጨማሪ ሁለት ዓመት ፈርማለች፤ መርከቡም ከዚህ ወዲያ ወደ ሩቅ ምሥራቅ ነው የሚሄደው። "እማ፣ በርበራ አንድ ቀን እንቆማለን፣ ሠራተኛውም ተራ በተራ ለጥቂት ሰዓት ይወርዳል" ያለችኝ ቀን ከሱቄ ወጥቼ ጨፈርኩ። ጅጅጋ ገበያ መሀል፣ በዚህ ዕድሜዬ። ቴርሞስ ሊገዛ የመጣ ሰውዬ ሳይገዛ ሄደ።

የመግቢያ ወረቀቴ ከተሻገርኩበት ቀን ጀምሮ ለሦስት ቀን ብቻ ነው፣ ያውም ለአንድ ጊዜ። ዛሬ ብሻገር መርከቡ ሳይመጣ ይቃጠልብኛል። ስለዚህ መጠበቅ ነው። ሆዳን አብራኝ ባትሆን ምን ይውጠኝ ነበር። ሱቆቻችን ግድግዳ ይጋራሉ፤ እሷ ሽቶና ሻሽ፣ እኔ ብርጭቆና ቴርሞስ። መንገዱን ታውቀዋለች፣ ቋንቋውም የእናቷ ነው። አሁን ተኝታለች። ታንኮራፋለች። ነገ ብነግራት ትክዳለች።

ረቡዕ፣ ኅዳር 7

ምንም ወሬ የለም።

ክፍላችን ቆርቆሮ ነው። ከረፋዱ ጀምሮ እንደ ምድጃ ይሆናል። ብንወጣ አቧራ፣ ብንገባ ሙቀት። የጭነት መኪናዎቹ ሞተር ሳያጠፉ ስለሚቆሙ ከሆዳን ጋር የምናወራው በጩኸት ነው።

የሚያስጨንቁኝ፦ መርከቡ ሳልሰማ መጥቶ ቢሄድ። ስልኬ ቢጠፋ። ቤዛ አይታኝ "እማ አርጅተሻል" ብትል። እኔ ራሴ ሳላውቃት ባልፍ። የመጨረሻውን ለሆዳን ብነግራት ሳቀችብኝ። "ናያ ጽጌ፣ እናት ልጇን አታውቅም?" አለችኝ። ናያ ሴት ሲጠሩ ነው፣ አንቺ እንደ ማለት። ቤዛ ስትሄድ ፀጉሯ ረጅም ነበር፣ አሁን ቆርጣዋለች። በፎቶ ሁሉም አንድ ዓይነት ነጭ ሸሚዝ ለብሰው፣ አንድ ዓይነት ቆብ አድርገው ነው የሚቆሙት። እኔም መነጽሬ አርጅቷል። መፍራቴ አይፈረድብኝም።

ለቤዛ ያዘጋጀሁትን ዳቦ ቆሎ ዛሬ ከፈትነው። ትንሽ ልንቀምስ ነበር። ግማሹ አለቀ። ሆዳን "ልጅሽ እዚያ ኬክ ትበላለች፣ አይክፋሽ" ብላ የቀረውንም ወደ ራሷ አስጠጋች።

ድልም አለ ዛሬ። የአልጋ ቤቷ ባለቤት ውሃ አሙቃ ሰጥታኝ ፀጉሬን ታጠብኩ። አጎዛዋ ላይ አስቀምጣኝ በጣቷ እየፈታታች "ሆዮ፣ ልጅሽ የምታይሽ በዚህ አቧራ ነው እንዴ?" አለችኝ። ሆዮ እናት ማለት ነው፤ እሷ ግን ከእኔ በዕድሜ ትበልጣለች። ደስ አለኝ እንጂ አልተቀየምኩም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 8፣ ጅጅጋ

ጅጅጋ ነኝ፣ ግን ቤቴ አይደለሁም። ይህንንም የምጽፈው ማንም እንዳያየኝ ተደብቄ ነው።

ጠዋት ቤዛ ደወለች። ድምፅዋ ይቆራረጣል። በርበራ ሙሉ በሙሉ ተሰርዟል፣ ጅቡቲ ነው የሚቆሙት። ሆዳን ሳታቅማማ ሻንጣ ማሰር ጀመረች። በጅጅጋ ወደ ድሬዳዋ፣ ከድሬዳዋ በሽንሌ አድርገን ወደ ጅቡቲ። እኔ ፓስፖርት አለኝ፤ ለቪዛው ደግሞ እሷ ድሬዳዋ የሚያስጨርስ ሰው አውቃለሁ አለች። ሆዳን የማታውቀው ሰው የለም።

ችግሩ ጅጅጋ ነው። እሑድ ዕለት ሰፈሩ በሙሉ ነው የሸኘኝ። አሮጊቶቹ መርቀውኛል፣ ባለቤቴ በላይ መነሃሪያ ድረስ ሻንጣዬን ይዞልኛል፣ ንስሐ አባቴ ሳይቀሩ ጸሎት አድርሰውልኛል። በእኛ ቤት ደግሞ ተሸኝቶ የወጣ መንገደኛ ጉዳዩን ሳይፈጽም ደጁን አይረግጥም። ገዱ ይሰበራል። እናቴ አንዴ ከመንገድ የተመለሰ አጎቴን ከግቢው ውጭ፣ አጥር ጥግ አሳድራዋለች። ይህን ለሆዳን ነገርኳት። "እንግዲያው እኔ ቤት ትደበቂያለሽ" አለችኝ። ከሚኒባስ ስወርድ የእሷን ጥቁር ሻሽ እስከ ዓይኔ ድረስ ተከናንቤ ነበር። የገዛ ሱቄን በር ተዘግቶ አየሁት፤ እንደ ሌባ ተመልክቼ አለፍኩ። የገዛ ከተማዬ እስረኛ ሆንኩ።

በላይ ማታ ደወለ።

"የት ደረሽ?" አለኝ።

"ይኸው እየጠበቅን ነው" አልኩት። ውሸት አይደለም።

"ጥሩ። ጫማሽ ግን ጅጅጋ ታይቷል አሉኝ።"

ጫማዬን ረስቼው። አረንጓዴ ነው። ከተማው ውስጥ እሱን የመሰለ የለም።

"እንግዲህ አትምጪ" አለኝ ደግሞ። "እኔም አላየሁሽም፣ አልሰማሁሽም። በርትተሽ ሂጂ።" በላይ ጡረታ የወጣ ጸሐፊ ነው፣ ብዙ አያወራም። ይህን ያህል ካወራ ጨንቆታል ማለት ነው።

ዓርብ፣ ኅዳር 9

ከሆዳን ጓዳ አልወጣሁም። መስኮቱ ወደ ግድግዳ ነው የሚያየው። የሰፈሬን ልጆች ድምፅ እሰማለሁ፣ የጎረቤቴ የወይዘሮ አስካለ ሳልም ይሰማኛል፣ መልስ መስጠት አልችልም። ይማርሽ ማለት ከአፌ ላይ ነው የመለስኩት።

ትኬት ልንቆርጥ ስንል የቤዛ መልእክት መጣ። ጅቡቲም ቀርቷል። ከበርበራ የተመለሱት መርከቦች ሁሉ እዚያ ተሰልፈው ቦታ የለም። የእነሱ መርከብ እሑድ በርበራ ፊት ለፊት ባሕሩ ላይ መልሕቅ ይጥላል። ቱሪስቶቹን በትንንሽ ጀልባ እያመላለሱ ያወርዷቸዋል። ሠራተኛ ግን አይወርድም። በፍጹም። ማታውኑ ይሄዳሉ።

"እማ፣ በቃ ተይው" ትላለች መጨረሻ ላይ። "መጥተሽ ባሕሩን ብቻ አይተሽ እንዳትመለሺ። ያሳዝነኛል።"

አለቀስኩ። ከቤት ከተነሳሁ ጀምሮ አልቅሼ አላውቅም ነበር። በሻሹ ጫፍ አፌን ይዤ ነው፣ ከውጭ እንዳይሰማ። ልጄ እዚያ ብረት ውስጥ ተዘግታ፣ እኔ እዚህ ጓዳ ውስጥ ተዘግቼ። ሰው በደስታ እንዲህ ይታሰራል?

ሆዳን ሻይ ይዛ ገባች። አየችኝ፣ ተቀመጠች፣ የእኔን ሻይ ራሷ ጠጣችው።

"እሷ መውረድ አትችልም" አለች በመጨረሻ። "አንቺ መውጣት ትችያለሽ?"

"የት?"

"ባሕሩ ላይ። የአክስቴ ልጅ አብዲ በርበራ ዓሣ ነው የሚያጠምደው። ጀልባ አለው። ዓሣ የጫነ ጀልባ አንቺን አይችልም?"

ዋና አልችልም አልኳት። እሷም አትችልም። አብዲ ግን ይችላል አለች፤ ሦስታችንን የሚበቃን ይመስል።

ቤዛ ጋ መልስ ላክሁ። እሑድ ማታ ፀሐይ ስትጠልቅ እረፍት ካለሽ ወደ ከተማው በሚያየው በኩል ቁሚ። አላብራራሁም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 10

ዛሬ የጫት ዕቃ ሆኜ ተጓዝኩ።

ቶጎጫሌ በጠዋት ደረስን፣ ወረቀቴ ላይ ማኅተም ተመታልኝ፣ ገመዱ ተነሳልኝ፣ በእግሬ ተሻገርኩ። አሁንማ ተሳካ ብዬ ነበር። ከዚያ ማዶ ግን ሚኒባሱ ካልሞላ አይሄድም አሉ። ስንጠብቅ፣ ስንጠብቅ። አንድ ሰው ይመጣል፣ ሁለቱ ይወርዳሉ። ፀሐይዋ አናቴ ላይ ወጣች። መልሼ ያንኑ መጠበቅ።

እዚህ አገር የማይጠብቅ ነገር አንድ ብቻ ነው። ጫት። ኬላው ቢዘጋ፣ መንገዱ ቢፈርስ፣ ጫት የጫነ መኪና ያልፋል፣ ምክንያቱም ከዋለ ማንም አይገዛውም። ሆዳን ከአወዳይ የመጣውን ጫት ሲያዛውሩ አየችና ወደ ሾፌሩ ሄደች። ልጅ እግር ነው፣ ሞተሩን እንኳ አላጠፋም።

"ሁለት ሴት ውሰድ" አለችው።

"ኤዶ፣ ጫት ነው የጫንኩት። ከዘገየሁ ይጠወልጋል።" ኤዶ አክስቴ እንደ ማለት ነው።

"ይቺም እየጠወለገች ነው፣ እያት" አለችና ወደ እኔ ጠቆመች። ልጄ መርከብ ላይ እንዳለች፣ ነገ ማታ እንደምትሄድ ነገረችው። በሶማልኛ ቢሆንም "መርከብ" የሚለውን ሲሰማ ፊቱ ሲለሰልስ አየሁት። የእሱም ወንድም ባሕር ላይ ነው አሉ።

ኩንታሎቹ ላይ ሳይሆን ጋቢና ውስጥ ነው ያስቀመጠን፣ ይህን መናገር አለብኝ። አነዳዱን ግን አልናገርም። ዓይኔን ጨፍኜ ሚካኤልን ጠራሁ፣ ሆዳን ደግሞ የእሷን ትቀራለች፣ ልጁ በሁለታችን መሀል ይዘፍናል። ሐርጌሳን በመስኮት አየኋት ለማለት ያህል ነው። ፀሐይ ሳትገባ በርበራ ነበርን።

ሽታው ቀድሞ መጣ። ጨው። ባሕር አይቼ አላውቅም ነበር። ትልቅ ነው፣ ሌላ ምን ይባላል።

እሑድ፣ ኅዳር 11፣ በርበራ፣ አብዲ ግቢ

በጨለማ ነው የምጽፈው፣ ጽሑፌ ቢጣመም ለዚያ ነው።

መርከቡ ከጠዋት ጀምሮ ቆሟል። ነጭ ነው፣ እንደ ፎቅ ሰፈር። ቱሪስቶቹን በብርቱካናማ ጀልባ ሲያመላለሱ ዋሉ። አብዲ ዝምተኛ ሰው ነው። "ቅርብ አንሄድም፣ ይከለክላሉ" አለ፣ ሌላ ቃል የለም። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ተሳፈርን፤ ጀልባው ዓሣ ዓሣ ይሸታል። ሆዳን እጄን ስትይዘኝ አጥንቴን ሰበረችው፣ "አትፍሪ" የምትለው ግን እኔን ነው።

ወደ መርከቡ ጥቂት እንደተጠጋን ከላይ በድምፅ ማጉያ ተጮኸብን። አብዲ ሞተሩን አጠፋ። ከዚያ በላይ እንዳንጠጋ ነው።

ሠራተኞቹ ከታችኛው ረድፍ ላይ ወጥተው ቆመዋል። ብዙ ናቸው። ሁሉም ነጭ ሸሚዝ፣ ሁሉም ቆብ። የፈራሁት ደረሰ። መነጽሬን ጠረግሁ፣ ጨው ነው የቀባሁት፣ ባሰ። ስልክ ብደውል አይጠራም። "ቤዛ" ብዬ ጮህኩ፣ ነፋሱ ወሰደው። ሆዳንም ጮኸች። ከላይ አንዳንዶቹ እጃቸውን ያውለበልባሉ፤ ግን ሰው ለማያውቀውም ያውለበልባል። ሁለት ዓመት ልትሄድ ነው፤ እሷን አየሁ ብዬ ሌላ ሰው አይቼ ልመለስ ነው አልኩ።

ምን እንዳሰብኩ አላውቅም። እልል አልኩ። ሳላስበው ነው የወጣው፣ ልክ በሠርግ እንደምለው፣ ረጅሙን። ሆዳን ቀበል አደረገችኝ፣ የእነሱ ትንሽ ይለያል፣ ይቀጥናል።

ከዚያ ከላይ መጣ። አንዲት ድምፅ። እልልልል። መጨረሻው ላይ ትንሽ ስንጥቅ ይላል፤ ከልጅነቷ ጀምሮ እስከ መጨረሻ ትንፋሽ አይበቃትም። ከግራ ሦስተኛዋ ነበረች። ቆቧን አወለቀች።

እኔ መለስኩ፣ እሷ መለሰች። አጠገቧ ያሉት ልጆች፣ ከየት አገር እንደሆኑ እግዜር ይወቅ፣ እነሱም ይሞክሩ ጀመር። ዶሮ የታነቀች ነው የሚመስለው። መርከቡ በሙሉ እልል አለ ብል አጋነንኩ፣ ግን ብዙዎቹ አሉ። አብዲ፣ ያ ዝምተኛ ሰው፣ ሳቀ።

ልነግራት የያዝኩት ነገር ብዙ ነበር። አንዱንም አልነገርኳት። ጨለምለም ሲል መብራት አበሩ፣ ሠራተኞቹን አስገቧቸው። እሷ የመጨረሻዋ ነበረች።

ሰኞ፣ ኅዳር 12፣ ሚካኤል፣ ቶጎጫሌ

ድምፄ ተዘግቷል። ሆዳንን በምልክት ነው የማወራት፣ በጣም ተመችቷታል።

ከቤዛ መልእክት አገኘሁ፣ ማታውኑ ልካው ኖሯል። አለቃዋ ጠርታት ምን ጩኸት ነው ብላ ጠይቃታለች። "እናቴ ናት" አልኳት ትላለች። አለቃዋም "እናትሽ ከሆነች ለምን ቀድመሽ አቆምሽ" አለቻት። ይህን ስትለኝ እየሳቀች ነው ወይስ እያለቀሰች፣ ከድምፅዋ መለየት አልቻልኩም። መርከቡ ሄዷል። ቀጣዩ የሚጠጉበት ወደብም ጥገና ላይ እንደሆነ ሰምታለች፤ ስለዚህ የት እንደሚወስዷቸው አታውቅም። እኔም አላውቅም። ሁለት ዓመት ረጅም ነው።

መነሃሪያው ውስጥ የጅጅጋ ሚኒባስ እስኪሞላ ተቀምጠን ሳለ በላይ ደወለ።

"አየሻት?"

"አየኋት" አልኩት በዚያ በሻከረ ድምፅ።

"ከስታለች?"

"ሩቅ ነበረች። እልል አለችልኝ።"

ሬዲዮውን ሲያጠፋ ሰማሁት።

"እንዴት አድርጋ ነው እልል ያለችው?" አለኝ።

"ቤት ስመጣ አሳይሃለሁ። እዚህ ሰው አለ።"

"አሁን" አለኝ በላይ። በሰላሳ ዓመት ትዳር ውስጥ እንዲህ ሲለምነኝ ሰምቼው አላውቅም።

ተነሳሁ። የተዘጋ ጉሮሮዬን ጠራረግሁ። ስልኩን አፌ ጋ አድርጌ እልል አልኩለት፣ ልክ እንደ እሷ፣ መጨረሻው ላይ ስንጥቅ እያደረግሁ። ድምፄ ስለሻከረ ስንጥቁ ከእሷም በለጠ። ሾፌሮቹ ዞሩ፣ ሻይ የምትሸጠዋ ማንቆርቆሪያዋን አስቀመጠች፣ ኬላው ገመድ ላይ የቆመው ሰውዬ ገመዱን እንደያዘ ቀረ።

"ምንድነው?" ብለው ሆዳንን ጠየቋት።

"ልጅ አግኝታ ነው" አለቻቸው፣ ሻንጣዬን እያነሳች።