በጽጌ ጾም ስለ ተቃጠለችው የሰማይ መርከብ

ይድረስ ለባለቤቴ ለደብተራ ወርቁ፣ ለጠረጴዛችን ሰማይ የጦር አዛዥ።

ውዴ፣ ከተለየኸኝ ዓመት ሊሞላ ሁለት ሳምንት ቀረው። እኔ ደህና ነኝ፤ ከጠበቅኸውም በላይ ደህና ነኝ፣ አትቆጣ። ጣራውን ቆርቆሮ አልብሼዋለሁ። በቁስቋም ማኅሌቱ ያለ አንተም ይቆማል፤ እውነቱን ልንገርህ፣ ዜማው ትንሽ ተስተካክሏል።

መርከቦችህን ማንም አልነካብህም። አንተ ባሕር ያላየህ፣ አውሮፕላንም አዘዞ ላይ አንዴ ብቻ ያየህ ሰው፣ ሁለቱን አጋብተህ የሚበር የጦር መርከብ አስወለድህ! ከጣሊያን ጣሳ ቆርጠህ፣ የዶሮ ላባ ክንፍ ሰካህላቸው። ጎረቤታችን አናጺው አያ ቢተው ደግሞ የእሱን ከወይራ ጠረበ። "እንጨት እንዴት ይበራል?" ስትለው፣ "ቆርቆሮስ መቼ በረረ?" ይልህ ነበር።

እሑድ እሑድ ለጨዋታ ጠረጴዛው ላይ መርከቦቹን በስንዝር እየለካችሁ ታስኬዳላችሁ፤ ሦስት ዛጎል ተጥሎ ሦስቱም በአፋቸው ከተደፉ የተተኮሰባት መርከብ ተቃጠለች ተብላ ከጨዋታው ትወጣለች። ሕጉን የጻፍኸው አንተ ነህ፦ ባለቤቱ ሲጾም መርከቡም ይጾማል፤ በጾመኛ መርከብ ላይ አይተኮስም።

አምና በጽጌ ጾም አያ ቢተው አውራ መርከብህን አቃጠለ። "ጽጌ የፈቃድ ጾም ነው፣ ማን ይቆጥረዋል?" አለ። አንተም "እኔ ጾሜያለሁ፣ አንተ ከሀዲ!" ብለህ ጋቢህን አጣፍተህ ተነሣህ። ከዚያ ወዲያ ጠረጴዛው ፊት አልተቀመጣችሁም። ስትታመም መጥቶ እግርህን አሸልህ፤ ስለ መርከቧ ግን ሁለታችሁም ትንፍሽ አላላችሁም።

ከቀብርህ በኋላ ደጃችንን ሸሸ። ቤተ ክርስቲያን ሲያየኝ ያቀረቅራል። ሚስቱ እንደ ነገረችኝ፣ "ጾመኛ ወዳጄን በድዬ ቀበርሁት" እያለ የንስሐ አባቱ ካዘዙት በላይ ይሰግዳል፤ መጥረቢያውንም ካነሣ ሰነበተ።

ውዴ፣ እኔና አንተ ግን አንድ ነገር እናውቃለን። መርከቧ በተቃጠለችባት እሑድ ማለዳ፣ ከማኅሌት ስትመለስ፣ አንድ ቅል እርጎ ጠጥተሃል። የቀዳሁልህ እኔ ነኝ። "ጉሮሮዬ ደርቋል፣ ለመድኃኒት ነው" አልኸኝ። ሁለተኛውንም ቅል ለመድኃኒት ጠጣኸው።

ዓመት ሙሉ ከራሴ ጋር ተሟገትሁ። የሞተ ባል ስም ይጠበቃል፤ የቆመው ወዳጅህ ወገብ ግን በስግደት እየተሰበረ ነው። የቁስቋም በዓል ማግሥት አያ ቢተውን አስጠርቼ ነገርሁት። ቀና ብሎ፣ "ስንት ቅል?" አለኝ። "ሁለት" አልሁት።

እንዲያ ሲስቅ አይቼው አላውቅም። "ወይ ደብተራ! ሸጋ አድርጎ ነዋ የዋሸኝ!" እያለ ጉልበቱን መታ። ከዚያ ሳቁ ሳያልቅ አለቀሰ፤ በቀብርህ ቀን አፍሮ ያስቀረውን ለቅሶ ያኔ ነው ያለቀሰልህ።

አሁን ሥራውን ጀምሯል፤ እሑድ እሑድም ይመጣል። በቦታህ የምቀመጠው እኔ ነኝ። ስንዝሬ ያጥራል ብሎ አንድ ጣት ጨመረልኝ፤ በዚያች ጣት ሁለት ወይራ አቃጥዬበታለሁ።

ገመናህን ስላወጣሁ ይቅር በለኝ። ለሚጠይቁኝ ሁሉ ስለ አንተ የማወራው እንደ ነበርህ ነው። ጻድቅ ባል አላስታውስም፣ እንደዚያ ያለም አላገባሁም። አንተን ግን፣ እዚያው እስካገኝህ ድረስ፣ አንዲት ቀንም አልረሳህም።

ባለቤትህ ጥሩነሽ