ለጋሽ አየለ የፈሰሰ እንባ

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 6፣ ቦንጋ

ፊንጢጣዬ ላይ ያለው ቁስል ዛሬ ጠዋት ሽንት ቤት ስቀመጥ እንደገና ተሰነጠቀ። ሳፋ ሙሉ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፌ መዋል ሲገባኝ፣ የአለቃችን የጋሽ አየለ ለቅሶ ላይ ዋልኩ። በሕይወት ሳለ ቢሮ ውስጥ ማንንም በሰላም አላስቀመጠም፤ ሞቶም ያው ነው። ድንኳኑ ውስጥ ሰው በገባ ቁጥር ከአግዳሚው ብድግ፣ «ተቀመጡ፣ ተቀመጡ» ሲባል መልሶ ቁጭ። ከሺሺንዳ የመጡት ዘመዶቹ ደግሞ አንዴ ገብተው አይገላግሉ ነገር፣ አንድ በአንድ ይንጠባጠባሉ። የመጨረሻው ገብቶ ስቀመጥ ቁስሉ ዙሪያ ያለው ጡንቻ ጭምድድ አድርጎ ያዘኝ። ትንፋሼ ተቆረጠ፣ እንባዬ ዱብ ዱብ አለ።

ባለቤቱ እትዬ አስቴር አዩኝ። ከፍራሻቸው ተነስተው መጡና እጄን ያዙ።

«የኔ ልጅ፣ እንዲህ ትወደው ኖሯል?»

በአዎንታ አንገቴን ነቀነቅኩ።

«ከቢሮው ሰው ያለቀሰለት አንተ ብቻ ነህ» አሉኝ።

ዞር ብዬ አየሁ። ዕድሜ ልካቸውን ሲያጎበድዱለት የኖሩት ሁሉ ስልካቸውን ይነካካሉ። እትዬ አስቴር እውነታቸውን ነው፤ ለዚያ ሰውዬ ከመሥሪያ ቤታችን የፈሰሰው እንባ የእኔ ብቻ ነው። እሱንም ያፈሰሰው ቂጤ ነው።