ከበሮ መቺዋ እንቁራሪት

እሑድ፣ ኖቬምበር 3፣ 1996

ዛሬም ሁለት ቸኮሌት እንቁላል፣ ውስጣቸው አሻንጉሊት የተደበቀባቸው። ባለኪዮስኩ አፍጥጦ እያየኝ፣ ጆሮዬ ሥር ነቅነቅ አድርጌ የመረጥኳቸው! ሁለቱም ውስጥ ያቺው መለከት ነፊ እንቁራሪት። ዘጠኙ ሙዚቀኞች መደርደሪያዬ ላይ ናቸው፤ የቀረችኝ ከበሮ መቺዋ ብቻ። ሠላሳ ሊሞላኝ ነው። የሰንበት ት/ቤት አስተማሪ ነኝ። ደብተሬ፣ አትሳቅብኝ።

ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ሌላ ጉድ። ልጆቹ በስብከት መሃል እነዚሁኑ አሻንጉሊቶች ሲለዋወጡ ተያዙ። ሽማግሌያችን ጋሽ ታደሰ ተቆጡ። ውስጡ ያልታየ ነገር መግዛት ከቁማር አይተናነስም አሉ። አሜን አልኩ። ጮክ ብዬ! አሻንጉሊቶቹን በፌስታል ሰብስቤ እስከ ገና ቤቴ እንዳስቀምጥ አዘዙኝ። ሥጋ ለጅብ አደራ።

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 5

ከአረጋውያን ቤት ሥራዬ ደክሞኝ ገባሁ። ፌስታሉን ከፈትኩ። ለማየት ብቻ።

ከበሮ መቺዋ! የሐና ናት። ስምንት ዓመቷ ነው፤ እሑድ እያለቀሰች የሰጠችኝ። የእንቁራሪቷን እግር በእናቷ የጥፍር ቀለም ቀይ ቀብታዋለች። ከዘጠኙ ጎን አቆምኳት። ለዛሬ ብቻ። ደስ አለኝ። እንዴት ደስ አለኝ!

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 7

ጋሽ ታደሰ ደወሉ። ሽማግሌዎቹ መክረዋል፤ ፌስታሉ ይጣል። እንደዚህ አገር ሰው «ያ፣ ያ»፣ እሺ አልኩ። በፎቁ የቆሻሻ መውረጃ ለቀቅኩት። ያለ እሷ። ከቆሻሻ አዳንኳት እንጂ አልሰረቅኩም። ታዲያ በሩን ለምን ሁለት ጊዜ ቆለፍኩ?

ዓርብ፣ ኖቬምበር 8

ወይኔ! የነገው የቤት ጸሎት ተራ የኔ ነው። ረስቼው! የሐና እናት አስቴር ደወለች። ሐናን ይዛ ትመጣለች። ልጅቷ ከእሑድ ወዲህ በቅጡ አትበላም፤ ማታ ማታ ስለ እንቁራሪቷ ትጸልያለች። ጋሽ ታደሰ ነገ ከጸሎቱ በኋላ፣ እዚሁ ቤቴ፣ መጣሉን ይነግሯታል። አስቴር አመሰገነችኝ። ልጆቹን ስለምወድ።

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 9፣ ከሰዓት

መደርደሪያውን በነጠላ ሸፈንኩ። ገለጥኩ። ሸፈንኩ። አልጋ ሥር ልክተታት? ማንም አያውቅም። ከተናገርኩ ግን የማስተምረውን ክፍል ይነጥቁኛል። እነዚያን ልጆች ካጣሁ እዚህ አገር ማን አለኝ? አመል ያወጣል ከመሃል ይባላል፤ እኔን ነው።

ደወል። ከታች ከመግቢያው ነው። የሐና ድምፅ፦ «ሄይ ቲቸር! ክፈቺ! እንቁራሪቴ ደህና ናት?»

ከኋላዋ ጋሽ ታደሰ ይስላሉ። ከፈትኩላቸው።

ነጠላውን አነሳሁት። ይዩት። ከበሮ መቺዋ እጄ ውስጥ ናት። ገና ከበሩ፣ ከጸሎቱ በፊት፣ ሁሉም እያዩ ለሐና እሰጣታለሁ። የኔ ዘጠኙም፣ አሻንጉሊቶቻቸውን ለጣልኩባቸው ልጆች ይሆናሉ። ጋሽ ታደሰ የፈለጉትን ይበሉኝ።

ሊፍቱ ቆመ። የምለውን እንኳ አላሰብኩም። ልከፍትላቸው ነው።