ቀኑ የታተመበት ካናቴራ

ታኅሣሥ 8
ገብሱ ተወቃ። ነፋሱ ደግ ነበር፤ እስከ ሰባት ሰዓት ጨረስን። ወደ ቤት ስንመለስ ዳገቱ ላይ ያ ነገር መጣ... ደረቴ ላይ እንደ ጭነት የሚከብደው። ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ አሳለፍሁት።
ሚስቴ ሥራነሽ ከኋላዬ ነበረች። «ምነው አንቱ?»
«ጫማዬ ውስጥ ጠጠር ገባ።»
የማርቆስ ከተማው ሐኪም በኅዳር ወረቀት ጽፎልኛል። «ልብዎ ነው፤ ጥር ሳይገባ ባሕር ዳር ይሂዱ» አለኝ። ወረቀቱ ዳዊቴ ውስጥ አለ። ለሚስቴም አላሳየሁ። መጀመሪያ ተዝካሬን በቁሜ ላውጣ። ልጅ የለን፤ ስሞት ማን ያወጣልኛል?

ታኅሣሥ 9
በቅርቡ በሞተው በመሳፍንት አርባ ላይ ዘመዶቹ ፎቶው የታተመበት ካናቴራ ለብሰው ነበር። ፎቶው የተጣመመ። ከሥሩ «ሁሌም በልባችን»... መሳፍንትን በሕይወቱ ሳለ እንዲህ ያለው ሰው አላየሁም።
የእኔን እኔው እሠራለሁ። ፊደል ራሴን ያስተማርሁ ሰው ይህ ያቅተኛል? ዛሬ በማስመሪያ ነደፍሁት። ከላይ ፎቶዬ። ከፎቶው ሥር ቀንበር። ከቀንበሩ ሥር፦ «እንዳላማው ታረቀኝ፤ ለማረስ ያጎነበሰ፣ ለመለመን ያላጎነበሰ»። ከግርጌ የተዝካሩ ቀን፣ ያለ ምንም ቃል፦ ጥር 21 ቀን 2018። ሠላሳ ካናቴራ ይበቃል፤ ዳስ ውስጥ የሚያስተናግዱት ይለብሱታል።

ታኅሣሥ 13
ማርቆስ ሄድሁ። የማተሚያዋ ልጅ ሂዊ ትባላለች። ማስቲካ ታኝካለች። የሰጠኋት ፎቶ ከሠላሳ ዓመት በፊት የተነሣሁት ነው፤ ያኔ ጢም አልነበረኝም፣ ጸጉር ነበረኝ።
«ለምን ፈልገውት ነው አባባ?»
«ለተዝካር።»
«ውይ... ነፍስ ይማር። ወንድምዎ ናቸው?»
ንድፌን ጠረጴዛዋ ላይ ዘረጋሁ። ለማስቲካ አኛኪ ታሪኬን ልዘርዝር?
ኮምፒዩተሩ ላይ ሠርታ ስትጨርስ «ይዩልኝ አባባ፣ ልክ ነው?» አለች። መነጽሬን አላወጣሁም። «የጻፍሁትን አውቃለሁ። አትሚ» አልኋት።

ታኅሣሥ 20
ካናቴራው በሚኒባስ ተልኮ መጣ። ሥራነሽ ጥቅሉን ፈታች። አንዱን ዘረጋች... መልሳ አጠፈችው። ደግሞ ዘረጋችው።
«አንቱ፣ ይኼ ምን ይላል?»
መነጽሬን አደረግሁ። «ዕረፍት፦ ጥር 21 ቀን 2018።»
ልጅቷ የጨመረችው አንድ ቃል ነው። ሠላሳው ላይ። የምሞትበት ቀን... ሊደርስ አንድ ወር የቀረው።
ሥራነሽ አማተበች። እኔ አላማተብሁም።

ታኅሣሥ 21
ሂዊ በስልክ እያለቀሰች። ሥራነሽ ደውላ ነግራታለች።
«አባባ፣ በእግዜር! የሞተ ሰው መስሎኝ እኮ ነው፤ ቀኑ ገና መሆኑን አላስተዋልኩም። ከፎቶ ጋር ቀን ሲመጣልን ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የምንጽፈው። በነጻ ሌላ አትምልዎታለሁ፤ ያንን ያቃጥሉት!»
«አይቃጠልም።»
«ሟርት ነው አባባ!»
«ካናቴራ ሰው አይገድልም» ብዬ ዘጋሁት።
ይዩልኝ ስትል አይቼው ቢሆን ኖሮ... ተወው። ሌላ ይታተም ማለት ተሳስቻለሁ ማለት ነው። አልልም።

ታኅሣሥ 27
የንስሐ አባቴ ቄስ ገዳሙ መጡ። አንዱን ካናቴራ አይተው ከጉልበታቸው ላይ ወዲያው አነሡት።
«ቀኑን በከሰል አጥፋው፣ እንዳላማው።»
«የጻፍሁትን ጻፍሁ፣ አባቴ።»
«ይህን ያለው ጲላጦስ ነው» አሉኝ። ጠላቸውን ሳይጨርሱ ተነሡ።

ጥር 3
ይጁቤ ገበያ ዋልሁ። ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል። ትናንት «ኑ፣ ኑ» ይለኝ የነበረው እህል ነጋዴ «አያ እንዳላማው፣ ለክረምቱ ዘር ልያዝልዎ ወይስ...» ብሎ ቃሉን ዋጠው። ከኋላው አንዱ ሳቀ።
ጎረቤቴ የሺዋስ ብቻ በግልጽ ተናገረ። ወይፈኔን ሊገዛኝ ቃል ነበረን። «ቀኗ ትለፍና እንነጋገራለን» አለ። «ከወራሽ ጋር ፍርድ ቤት አልመላለስም።»
ሳቅሁ። ስስቅ ያ ነገር ከደረቴ ተነሥቶ እስከ ግራ እጄ ወረደ። ጆንያ ተደግፌ ቆምሁ። አይተውኝ ይሆን?

ጥር 5
ሥራነሽ ዳዊቱን ከአቧራ ስታራግፍ የሐኪሙ ወረቀት ወደቀ። አነበበችው።
«ጥር ሳይገባ ይላል። ጥር ገባ እኮ አንቱ!»
«ከሃያ አንድ በኋላ እሄዳለሁ።»
«ለምን? ለምን ነገ አይሆንም?»
«ነገ ብሄድ ምን ይላሉ? እንዳላማው ከካናቴራ ሸሽቶ ሐኪም ቤት ተደበቀ ይላሉ።»
«ይበሉ! ሺህ ጊዜ ይበሉ! እኔን ማን ይጦረኛል? ካናቴራው?»
ወረቀቱን ዳዊቱ ውስጥ መለስሁት።

ጥር 11
ጥምቀት። ታቦቱን አልሸኘሁም። እግሬን አመመኝ አልሁ። ሲያልፉ እልልታውን ከአልጋዬ ላይ ሆኜ ሰማሁ።

ጥር 16
ሥራነሽ ዛሬ ውኃ ልትቀዳ ስትወጣ ነጠላዋን እንደ ኀዘንተኛ ዘቅዝቃ ለብሳው ነበር። ሳታውቀው ነው። ወይስ አውቃ? ከበር ጠርቼ ልነግራት ነበር... በሩን መልሼ ዘጋሁ።

ጥር 19
ዳስ ተጣለ። ሊያግዝ የመጣው ሦስት ሰው ነው። ያ ነገር ድሮ መጥቶ ይሄድ ነበር። አሁን ተቀምጦ ይውላል።

ጥር 21
ከማለዳ ጀምሮ ካናቴራውን የሚለብስ ጠፋ። አንዷ «ልጅ አለኝ» አለች። አንዱ «ይጠበኛል» አለ፤ ሳይለካው። እኔው ለበስሁት፤ ከሸሚዜ በላይ። ዳሱ በር ላይ ቆሜ እንግዳ ተቀበልሁ።
ሰው መጣ። ያልጠራሁትም መጣ። ሊበላ ይሁን ሊያይ... ሁሉም ደረቴን ያነብባል፣ ፊቴን አያይም። ቄስ ገዳሙ ሲያሳርጉ ስሜን ከሙታን ልጥራ ከሕያዋን ልጥራ ብለው ይመስለኛል፣ ትንሽ ቆም አሉ። ሥራነሽ ከጓሮ እየወጣች ፀሐይን ታያለች። ትገባለች። ደግሞ ትወጣለች።
ፀሐይ ጠለቀች። አለሁ።

ጥር 22
በሩ ላይ ተቀምጬ ነው የምጽፈው።
ጠዋት እዚሁ እንደተቀመጥሁ የሺዋስ ከአጥሩ ማዶ «አያ እንዳላማው! አሉ ወይ?» ብሎ ተጣራ። ሳቅ ነበረው ድምፁ። አለሁ ልል አፌን ከፈትሁ፤ ድምፅ አልወጣኝም። በአጥሩ ቀዳዳ ሲያየኝ ሳቁ ቆመ። ሥራነሽ መኪና ፍለጋ ላከችው። ሮጠ።
አሸነፍሁ። ዛሬ ብሄድ ማንም ሸሸ አይለኝም። የካናቴራው ቀን አለፈ... የሐኪሙ ቀን ግን ከዚያ በፊት አልፎ ነበር። እልኸኛ ከራሱ ቀን በቀር ምን ይቆጥራል?
ግራ እጄ የምጽፍበትን ወረቀት አይዝልኝም። በክርኔ ነው የተጫንሁት። ካናቴራውንም ማውለቅ አልቻልሁ፤ ክንዴ ወደ ላይ አይሄድም። እሱን ለብሼ ነው የምሄደው።
ከአልጋዬ እስከ በሩ አምስት እርምጃ ነው። ማለዳ፣ የሺዋስ ሳይጣራ በፊት፣ ብቻዬን ሦስቱን ሄድሁ። ከዚያ ቆምሁ።
«ሥራነሽ» አልሁ። «ያዥኝ።»
በአርባ ዓመት ትዳር ይህን ከእኔ ሰምታ አታውቅም። እኔ ያልሁት ስላልመሰላት ቆማ ታየኛለች።
ደገምሁላት።