የአንገቴ መስቀልና የሜሮን ማግኔት

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 21፤ ጥቅምት 11

ዛሬ ሱቁን ዘግቼ ልጄ ሜሮን የምትማርበት ዩኒቨርሲቲ ሄድኩ። "ዲግሪዬን ሳልጨርስ አንድ ቀን ሥራዬን እዪልኝ" ማለት ከጀመረች ዓመት አልፏታል። ሥራዋ ከካርቦን በተሠሩ፣ ዓይን በማያያቸው ቀጫጭን ቱቦዎች ውስጥ ኤሌክትሪክ እንዴት እንደሚያልፍ መለካት ነው።

"ካርቦን ያው ከሰል አይደል? ለከሰል ነው ስድስት ዓመት?" አልኳት።

"እማዬ ደግሞ!" ብላ ሳቀች።

ክፍሉ ውስጥ ትልቅ ማግኔት ስላለ ብረት ይዞ መግባት ክልክል ነው። ቁልፌንና ስልኬን ተቀበለችኝ። ከዚያ ዓይኗ ማተቤ ላይ አረፈ።

"ማተቤንማ አልፈታም። መስቀሉ እንደሆነ ብር ነው፤ አክስትሽ ናት ከአገር ቤት ያመጣችልኝ" አልኳት።

"ኦኬ፣ ብርን ማግኔት አይስበውም" አለችና ትንሽ ማግኔት ከኪሷ አውጥታ አስጠጋችው። መስቀሉ ልጥፍ አለ።

"በቃ፣ እዚሁ ሆነሽ በመስታወቱ እዪ" አለችኝ። ቅር እንዳላት ያስታውቃል።

መስቀሉን ከማተቤ አላቀቅኩና ክሩን ብቻ አንገቴ ላይ ትቼ ገባሁ። ማግኔቱ ሲበረታ ኮምፒውተሩ ላይ ያለው መስመር ቀስ እያለ ወረደ።

"አየሽ? መስመሩ ወረደ ማለት እገዳው ቀነሰ ማለት ነው፤ ማግኔቱ ሲጨምር ለኤሌክትሪኩ መንገዱ ቀለለው" አለችኝ። ገባኝ አልልም፤ ግን አይቼዋለሁ።

ቤት ስገባ መስቀሉን መልሼ አንጠለጠልኩት። እሑድ ቤተ ክርስቲያን እህቴን አገኛታለሁ። ብር ነው ብላ ነው የሰጠችኝ። ካልጠየቀችኝ ብር ነው።